እናቴ የገዛሁላትን ሁሉ በዳንቴል ሸፍና አስቀመጠችው

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጧት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ነው የምገባው። አላገባሁም። ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ይሠራል። አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ እናቴን ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ከደብረ ብርሃን አመጣኋት። አብረን መኖር ከጀመርን ስምንት ወር ሆነን። 64 ዓመቷ ነው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለፋ ነው የኖረችው። ጭስ ውስጥ ተቀምጣ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ ሸጣ ነው ያስተማረችን። ሥራ የያዝኩ ጊዜ ለራሴ ቃል ገባሁ። «እማዬ ከእንግዲህ ጭስ አታይም» አልኩ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቲክቶክ ሳይ አንድ ማስታወቂያ መጣ። አንዲት ልጅ የእናቷን ዓይን በእጇ ከልላ ወደ ኩሽና ታስገባታለች። እጇን ስታነሳ አዲስ የቡና ማሽን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እናትየዋ ታለቅሳለች። ከሥሩ «እናትዎን ያሳርፉ» ይላል። እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ደውዬ በ14 ሺህ ብር አዘዝኩ። ከዚያ የቡና መፍጫ መጣ። ከዚያ ብሌንደር። ዕቁብ ሲደርሰኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛሁ። ለእሷም ስማርት ስልክ ገዛሁላት። ከአሥር ቀን በፊት ደግሞ በቴሌግራም ኤር ፍራየር፣ በሙቅ አየር የሚጠብስ ማብሰያ፣ አዘዝኩ። ሲመጣ የውስጡ ቅርጫት ተሰንጥቋል። ሻጩ አሁን ስልክ አያነሳም።

ዕቃዎቹ የት እንዳሉ ልንገርዎት። ሳሎን ጥግ ላይ ከነካርቶናቸው ተደራርበዋል። እናቴ በዳንቴል ሸፍናቸዋለች። የልብስ ማጠቢያውንም ነጭ ጨርቅ አልብሳ የአባቴን ፎቶ ከላዩ ላይ አስቀምጣለች። ልብስ በእጇ ነው የምታጥበው። ቡና በጀበና ነው የምታፈላው።

ባለፈው ቅዳሜ ጧት 12 ሰዓት ላይ ዱም ዱም በሚል ድምፅ ነቃሁ። እናቴ ቡና እየወቀጠች ነው። ወዲያው በር ተንኳኳ። ከሥራችን ያለችው ጎረቤት ናት። ጨቅላ ልጅ አላት። «ልጄን ቀሰቀሳችሁብኝ» አለች። በጣም አፈርኩ። በሩን ዘግቼ እናቴ ላይ ጮህኩባት። «ይሄን ሁሉ ብር የማፈሰው ለማን ነው? አንቺ መቼም የገጠር ሰው ነሽ፣ አይገባሽም» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። እናቴ ምንም አልመለሰችም። ሙቀጫው ውስጥ የቀረውን ቡና በመዳፏ ጠርጋ በወረቀት ጠቀለለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ማሽኑን ከካርቶኑ አውጥታ ቡና ታፈላልኛለች። ቀድቶ መስጠት ብቻ ነው። እሷ አትጠጣም። ሐሙስ ማታ ደግሞ «ለአባትሽ ሙት ዓመት ስሄድ እዚያው ልቅር» አለችኝ። ቤቱ አለ። አክስቴ ትኖርበታለች።

ጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ገዝቼ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤያለሁ። ዕቃዎቹን ልሽጣቸው? ወይስ ትሂድ ልበላት? ያደረግኩት ሁሉ ለእሷ ብዬ ነበር። ምን ላድርግ?

ከጀሞ

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የልብስ ማጠቢያው ላይ ስለተቀመጠው የአባትሽ ፎቶ የጻፍሽው ላይ።

አንቺ ነገሩን እንደ እምቢታ ነው ያየሽው። ገዛሁላት፣ አልነካችውም፣ ሸፍና አስቀመጠችው። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በእናቶቻችን ቤት ዳንቴል የሚለብሰው ምን እንደነበር አስታውሺ። ሬዲዮው ነው። ቴሌቪዥኑ ነው። ቡፌው ነው። የማይረባ ዕቃ ዳንቴል አይለብስም። የሟች ፎቶ ደግሞ ከቤቱ ሁሉ የተከበረው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። እናትሽ ማሽኑን ቢንቁት ኖሮ የባላቸውን ፎቶ እላዩ ላይ የሚያስቀምጡ አይመስለኝም። ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ልጠይቅሽ። ለምን እንደሸፈኑት ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? «ለምን አትጠቀሚበትም?» የሚለውን ማለቴ አይደለም። እንዲሁ በደህና ሰዓት፣ «እማዬ፣ ይሄን ዳንቴል መቼ ሠራሽው?» ብለሽ ወሬ ጀምረሽ ታውቂያለሽ?

ምናልባት «እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው» ይሉሽ ይሆናል። ምናልባት ለሠርግሽ እያስቀመጡልሽ ይሆናል። ብዙ እናቶች ጥሩ ዕቃ የሚያስቀምጡት ለእንግዳና ለልጅ ነው። ምናልባት ደግሞ ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቱን እንደሚጫኑ አያውቁ ይሆናል። ይሄን ለልጅ መንገር ይከብዳል። ልጅሽን ያስተማርሽው አንቺ ሆነሽ «አንብቢልኝ» ማለት ቀላል አይደለም። ቆጣሪያችሁ የካርድ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ሲቀንስ እያዩ «ብሯን ጨረስኩባት» ብለው ይሳቀቁ ይሆናል። ሙሉ ቀን ቤት የሚውለው ሰው ነው ያንን ቁጥር የሚያየው። የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም። አንቺም ሳትጠይቂ አታውቂውም።

የተናገርሽውን ቃል በተመለከተ ብዙ አልልሽም። «ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት» ብለሻል። ያ ይበቃል። እኔ ይበልጥ ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለአንቺ ቀድተው እሳቸው የማይጠጡት ቡና። ያ ኩርፊያ ብቻ አይመስለኝም። «እንዳልሽው ይሁን፣ እኔ ግን እዚህ የለሁም» እንደማለት ነው። እዚያው ልቅር ያሉትም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጧት የሆነውን እንደገና እናስበው። ከሰኞ እስከ ዓርብ 12 ሰዓት ሙሉ ቤት የለሽም። እናትሽ ያንን 12 ሰዓት ከማን ጋር ነው የሚውሉት? ደብረ ብርሃን ሳሉ ቡና ሲቆላ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ይነሳል። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ዕድር መቼ ነው። ሥላሴ በ7 ጽዋ ማኅበር ይኖራቸዋል፣ ሰንበቴ ይኖራቸዋል። ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ቡናው ቢቆላም የሚመጣ የለም። የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም ቅዳሜ ነው ቤት የሚውለው። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ሙቀጫው በጧት የተነሳው ለማን ነበር ብለሽ አስበሽዋል?

ስለራሴ እናት አንድ ነገር ላጫውትሽ። ልጆች ሆነን ቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባ ጊዜ እናቴ እንደ አዲስ ነገር የምትፈራው መስሎን ነበር። በሳምንቱ የእንጨት ምድጃውን ራሷ አፈረሰችው። ለምን እንደወደደችው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ያው የሸክላ ምጣድ ነው። ከሥሩ የሚግለው ሽቦ ብቻ ነው አዲስ። ጤፉን የምታቦካው እሷ ናት። እርሾውን የምታውቀው እሷ ናት። አብሲት የምትጥለው፣ ሊጡ ኩፍ ማለቱን በዓይኗ የምትለየው፣ ከዳር ጀምራ እያዞረች የምታሰፋው፣ ዓይኑ ሲወጣ አይታ የምትከድነው እሷው ናት። የሄደው ጭሱ ነው። እጇ አልተነካም። እንጀራው «የእሷ እንጀራ» ሆኖ ቀረ።

የቡና ማሽኑ ግን የሚያስቀረው ነገር የለውም። ማጠቡን፣ መቁላቱን፣ ጭሱን እያዞሩ ማሽተቱን፣ መውቀጡን፣ ጀበናውን አስክኖ መጠበቁን ሁሉ ይወስዳል። በሁለት ደቂቃ ስኒ ይሞላል። ለአንቺ፣ ሰኞ ጧት ታክሲ እንዳያመልጥሽ ለምትሮጪው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእናትሽ ግን ያ ሁለት ደቂቃ ካለቀ በኋላ ባዶ ቀን ነው የሚቀረው። ማስታወቂያው «ያሳርፉ» አለሽ። ባላቸውን ቀብረው፣ አገራቸውን ትተው፣ ሰው የማያውቁበት ፎቅ ላይ የተቀመጡ እናት እረፍት ነው ያነሳቸው? እኔ አይመስለኝም። እረፍቱማ ሞልቷል።

ይህን የምልሽ ጥፋተኛ ልላሽ አይደለም። አንቺም በዚያች ማታ ምን ሆነሽ እንደነበር ይገባኛል። ደክሞሻል። እናትሽን አምጥተሻል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ትተሻቸው ትወጫለሽ። ጥፋተኝነት ይሰማሻል። ልክ በዚያ ሰዓት አንዲት እናት በደስታ ስታለቅስ ስልክሽ ላይ መጣች። ማን አይገዛም?

እንዴት እንደሚሠራ ግን ማወቁ ይጠቅምሻል። እነዚህ መተግበሪያዎች የትኛው ቪዲዮ ላይ ቆም እንዳልሽ፣ የትኛውን እስከ መጨረሻው እንዳየሽ ይመዘግባሉ። አንዱን እያለቀስሽ እስከ መጨረሻው ካየሽ ነገ መሰሉን ያመጡልሻል። የቡና ማሽኑን መፍጫው፣ መፍጫውን ብሌንደሩ የተከተለው እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በአገራችን ስለ ማስታወቂያ የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 759/2004። አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለ ዋጋው ወይም ስለ ዕቃው አሠራር ቢዋሹሽ ሕጉን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ። «እናትዎን ያሳርፉ» የሚለውን ግን የሚይዘው ሕግ የለም። እሱን መመዘን ያለብሽ አንቺ ነሽ። እኔ ብሆን ለጊዜው አንድ ነገር አደርጋለሁ። ማታ አልገዛም። ያማረኝን ዕቃ ወረቀት ላይ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፈዋለሁ። የሚመጣው ደመወዝ እስኪደርስ እዚያው ይቆያል። እናትሽም ያዩታል፤ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉሻል። በዚያው ትጫወታላችሁ።

እስቲ ደግሞ ይህን አስታውሺ። በእነዚህ ስምንት ወራት እናትሽ በራሳቸው አፍ የጠየቁሽ ነገር ምን ነበር? ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ሙቀጫ፣ ቄጠማ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ሰው፣ ለአንድ ጎረቤት መደወያ። ትዝ ካለሽ ጻፊው። ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ መሆን ያለበት እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ።

የሐበሻ ቀሚሱን ለጊዜው ተይው። ቀሚስ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለበዓል ግዢላቸው። ይቅርታው ግን ከዕቃ ጋር ከመጣ ካርቶኖቹ ላይ አንድ ካርቶን ነው የሚጨመረው። በነጠላ ሸፍነው ያስቀምጡታል። ይቅርታሽን ባዶ እጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ዛሬ ማታ ብትችዪ ዛሬ። ከአጠገባቸው ተቀመጪና ጉልበታቸውን ሳሚ። ረጅም ነገር አትናገሪ። «እማዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩሽ ቃል አሳፍሮኛል። አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ የምትለው ቃል አልነበረም። ይቅር በይኝ» በያቸው። «ግን እኮ አንቺም…» የሚል ነገር አትጨምሪ። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» የሚለውንም ተይው። እውነት ነው፣ ለእሳቸው ብለሽ ነው፤ እሱን ያውቁታል። ምናልባት «ምን አደረግሽኝና!» ብለው ያልፉሽ ይሆናል። ምናልባት ያለቅሱ ይሆናል። ሁለቱንም ዝም ብለሽ ስሚያቸው።

ከዚያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አስፈሊያቸው። በጀበና። እስከ በረካ ተቀመጪ። ስልክሽን መኝታ ቤት ትተሽው ነይ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። ቡናውን አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙ፣ ጥሬውን እሳቸው በእጃቸው እያዩ ይምረጡ። ቤት ስትገቡ አንቺ ቁዪ፣ እሳቸው ይመሩሽ። መቼ እንደሚወጣ በድምፁና በሽታው ያውቁታል። ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቁበትን ነገር አስተምሪኝ ብለሽ ብትጠይቂያቸው፣ «አይገባሽም» ያልሻቸውን ቃል ከስንት ይቅርታ በላይ የሚያነሳው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንቀቅ ብለሽ ስሚኝ። በከሰል የምታፈሉ ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን። የኮንዶሚኒየም ቤት ጠባብ ነው፤ ደብረ ብርሃን የለመዱት ቤት ዓይነት አይደለም። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። መስኮት ተዘግቶ፣ ብርድ ነው ተብሎ፣ ከሰል ቤት ውስጥ አድሮ ያለቀ ቤተሰብ አለ። እናትሽ ብቻቸውን ስለሚውሉ ይህን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። ጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይም ይፈላል። ያም «የእሳቸው ቡና» ነው።

ዕቃዎቹን ሽጪ ወይም አትሽጪ አልልሽም። ሳትነግሪያቸው እንዳትሸጪ ብቻ እለምንሻለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለሺ ዕቃሽ የሌለበት ባዶ ጥግ ብታገኚ አንቺስ ምን ይሰማሽ ነበር? ይልቅ ቅዳሜ ከሰዓት ካርቶኖቹን አብራችሁ ክፈቱ። አንድ አንዱን እያነሳሽ ሁለት ጥያቄ ጠይቂያቸው። «ከቤት ሥራ የሚያደክምሽ የቱ ነው? ደስ የሚልሽስ?» የሚያደክማቸውን ማሽኑ ይሥራው። ደስ የሚላቸውን አትንኪባቸው። ቡና መውቀጥ የሚያስደስታቸው ከሆነ መፍጫው ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ። ክንዳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ደግሞ መፍጫው ይወጣል። የቡና ማሽኑ የአንቺ ይሁን፣ ለሰኞና ለማክሰኞ ጧት። ቀድተው እንዲሰጡሽ አታድርጊ። ራስሽ አፍዪ፣ ራስሽ ጠጪ።

የልብስ ማጠቢያውን በተመለከተ ግን ትንሽ ብትሟገቺላቸው ደስ ይለኛል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ብርዱን ታውቂዋለሽ። ብርድ ልብሱም ከባድ ነው። ያንን ብርድ ልብስ ውኃ ጠጥቶ በእጅ መጭመቅ ለ64 ዓመት ሰው ወገብ አይሆንም። የመጀመሪያውን አጠባ የእሳቸውን ብርድ ልብስ አድርጊው። ከመክተትሽ በፊት ግን በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ እንደሚችል ማሽኑ ላይ አንብቢ፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ውኃ ሲጠጣ በጣም ይከብዳል። የማይችለው ከሆነ በጋቢያቸው ጀምሩ። አብራችሁ ቆማችሁ እዩት። ማሽኑ ላይ ስላለው እንግሊዝኛ አትጨነቂ። ቀይ የጥፍር ቀለም ውሰጂና መክፈቻው ላይ አንድ ነጥብ፣ ሁልጊዜ የምትጠቀሙበት የማጠቢያ ዓይነት ላይ አንድ ነጥብ አድርጉበት። ነጥቦቹን እሳቸው በእጃቸው ይቀቡ። ሁለት ነጥብ ለማስታወስ ማንበብ አያስፈልግም።

ለኤር ፍራየሩ ቀን ስለሚቆጠር መልሱን አስቀድሜ ልኬልሻለሁ። ለሌሎች አንባቢዎች እዚህም ልድገመው። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህ ጉድለት ላለበት ዕቃ ነው። ሐሳብን ቀይሮ ለመመለስ አይሆንም። ደረሰኝ ባይሰጡሽ እንኳ ገንዘቡን የላክሽበትን የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፍሽውን፣ የተሰነጠቀውን ቅርጫት ፎቶ አስቀምጪ። ጥያቄሽንም በጽሑፍ ላኪለት፣ ቀኑ እንዲታወቅ። ዝም ካለሽ ወደ ክፍለ ከተማሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ለሚቀጥለው ደግሞ ዕቃውን ከፍተሽ ሳታዪ ገንዘብ አትላኪ።

ስማርት ስልኩን አትናቂው። ከገዛሻቸው ሁሉ የበለጠ ሊጠቅማቸው የሚችለው እሱ ይመስለኛል። የድምፅ መልእክት ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም። አንዲት ቁልፍ ተጭኖ መናገር ነው። ከማኅበራቸው አንዷ ወይም ልጇ ስልክ ካላት፣ ጧት ጧት «እንዴት አደራችሁ?» ይባባላሉ። ከዱባይ ወንድምሽም ድምፁን ይላክላቸው። ቀኑ ትንሽ ይሞላል።

የታችኛዋን ጎረቤት አትሽሺያት። ጨቅላ ይዛ ያላደረች እናት በጧት ሙቀጫ ስትሰማ ብትቆጣ አይፈረድባትም። ከሙቀጫው ሥር ጆንያ አጥፋችሁ አድርጉ፤ ድምፁን ይቀንሰዋል። ወቀጣውም ከረፋድ በኋላ ይሁን። በኮንዶሚኒየም ግቢ ብዙ ጊዜ የጋራ መገልገያ ቤት አለ፤ የእናንተ ክፍት ከሆነ እዚያም መውቀጥ ይቻላል። ከዚያ እናትሽን ይዘሽ ውረጂና «እሑድ ቡና አለ፣ ነይ» በያት። እናትሽ ሁለት ልጅ አሳድገዋል። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር ብቻዋን ናት። የሚሆነውን አላውቅም። በአንድ ደረጃ መሐል ሁለት ብቸኛ ሴቶች መኖራቸው ግን ታይቶኛል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ቀረ። ትሂድ ልበላት ወይ ብለሽኛል።

ለሙት ዓመቱ መሄዳቸው አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም። አንቺም አብረሽ ሂጂ። ፈቃድ ጠይቂ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ተነስታችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ። እዚያ ሆነሽ ከማን ጋር እንደሚስቁ፣ ማን ቤት ገብተው እንደሚቆዩ እዪ። ጀሞ ላይ ያላየሻቸውን እናትሽን እዚያ ታያቸዋለሽ። ከዚያ ከይቅርታው በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ አንድ ነገር ጠይቂያቸው። «እማዬ፣ መቅረት የፈለግሽው ተቀይመሽኝ ነው ወይስ ናፍቆሽ ነው?»

ተቀይመው ከሆነ ጊዜ ስጪው። እሑድ ቡናው ይቀጥል። ናፍቋቸው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በየወሩ ለ7 ጽዋ ማኅበራቸው ሄደው ሁለት ሦስት ቀን አድረው ቢመለሱስ? የአውቶቡሱ ዋጋ ለአንድ ዓመት ቢደመር የአንድ የቡና ማሽን ያህል አይሆንም። ወይም ክረምቱን ካንቺ ጋር፣ በጋውን እዚያ። ወይም ጭራሽ «ቤቴ ነው፣ አክስትሽ አለችልኝ፣ እዚያ ልኑር» ይሉሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ያምሻል። እናቴን ጣልኳት የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። የ64 ዓመት ጤነኛ ሰው የት መኖር እንደሚሻለው ያውቃል። አንቺ በየሳምንቱ ደውዪ፣ በየበዓሉ ሂጂ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እዚያ ከሌላቸው፣ ጠይቀሻቸው ከፈለጉ፣ እሱን ግዢላቸው። ከዚያ በፊት የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር በባለሙያ አሳዪ። ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ድረስ ይስባል፤ አሮጌ ሽቦ አይችለውም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጨምቅ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ከመክፈታችሁ በፊት የአባትሽ ፎቶ ከላዩ ላይ መነሳት አለበት። አንቺ አታንሺው። የት ቢቀመጥ እንደሚሻል እናትሽን ጠይቂያቸው።